የአደጋ ቅጹ ላይ «የአሽከርካሪው ጥንቃቄ ጉድለት» እያልን እስከ መቼ?

ደህንነት ክፍል (ክሩን የጀመረ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የምሠራው በረጅም ርቀት ጭነት ማመላለሻ ውስጥ፣ የደህንነት ክትትል ላይ ነው። አደጋ ሲደርስ የምንሞላው ቅጽ አለን። መጨረሻው ላይ «የአደጋው ምክንያት» የምትል አንዲት ጠባብ ሳጥን አለች። ሰሞኑን የቆዩትን ቅጾች አውጥቼ ሳገላብጥ፣ ሳጥኗ ውስጥ የተጻፈው ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው፦ «የአሽከርካሪው ጥንቃቄ ጉድለት»። አልፎ አልፎ «ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ» ይታከልበታል። ሹፌሩ ይቀጣል ወይም ይሰናበታል፣ ፋይሉ ይዘጋል። ቆይቶ ሌላ ሹፌር በዚያው ዓይነት ሰዓት፣ በዚያው ዓይነት መንገድ ላይ ያንኑ ይደግማል።

ቅጹን አሻሽዬ እንዳቀርብ ተፈቅዶልኛል። መሪ የጨበጣችሁ፣ መኪና የምትጠግኑ፣ ስምሪት የምታወጡ፣ እናንተን ነው የምጠይቀው። ከአደጋ በኋላ ምን ቢጠየቅ ነው እውነተኛው ምክንያት የሚወጣው? «ድካም» የምትል ሳጥን ልጨምር አስቤ ነበር። ግን ማን ይሞላታል?

---

ማርሽ ቀያሪ

ወንድሜ፣ ቅጹ አልተሳሳተም። በአንድ ሌሊት በአንድ መንገድ ስንት መኪና ያልፋል? ሁሉም ደክሞታል፣ ሁሉም ቸኩሏል። የሚገለበጠው ግን አንዱ ነው። ልዩነቱ ሹፌሩ ካልሆነ ታዲያ ምንድን ነው? ሰዉ ስልክ ይነካካል፣ ቁልቁለት ላይ ማርሽ ነፃ አድርጎ ይለቃል፣ ኩርባ ላይ ይቀድማል። ይሄ ድካም አይደለም፣ እብሪት ነው። ለሹፌር ሰበብ የሚደረድር ቅጽ ካመጣህ እኛ ተጠንቅቀን የምንነዳው ነን የምንጎዳው።

---

ሌሊት ነጂ

ማርሽ ቀያሪ፣ ስለ ስልኩ ተስማምተናል። በሌላው ግን አልስማማም።

ደህንነት ክፍል፣ «ድካም» የምትለዋን ሳጥን እርሳት። «ደክሞህ ነበር?» ብለህ ብትጠይቀኝ «አልደከመኝም» ነው የምልህ። አንደኛ፣ አዎ ካልኩ ደክሞህ ለምን ነዳህ ልትለኝ ነው። ሁለተኛ፣ እውነትም አልደከመኝም ብዬ አስቤ ሊሆን ይችላል። የእንቅልፍ ተንኮሉ እዚህ ላይ ነው። እንቅልፍ እንዳለብህ ይሰማሃል፤ መቼ እንደሚጥልህ ግን አታውቀውም። ሁልጊዜ «እስከ ሚቀጥለው ማረፊያ እደርሳለሁ» ነው። ዓይንህ ተገልጦ አእምሮህ ለሦስት ለአራት ሰከንድ ይጠፋል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ስትሄድ አራት ሰከንድ ማለት ወደ 90 ሜትር ያህል መንገድ ማንም ሳይነዳው መኪናው ብቻውን ሄደ ማለት ነው። ኋላ ስትጠየቅ ታዲያ «መሪው እምቢ አለኝ» ትላለህ። እየዋሸህም ላይሆን ይችላል።

ስለዚህ ስሜቱን ሳይሆን ሰዓቱን ጠይቅ። ከመጨረሻው እንቅልፍህ የነቃኸው ስንት ሰዓት ላይ ነው? የት ነው የተኛኸው፣ አልጋ ላይ ወይስ ጋቢና ውስጥ? ከዚያ በፊት ባለው ሌሊትስ? ሰው ስሜቱን ይደብቃል፣ የነቃበትን ሰዓት ግን ብዙ ጊዜ በቀጥታ ይነግርሃል። ምኑን እንደሚደብቅ አያውቅማ።

---

ቁጥር ወዳዱ

ለክርክሩ የሚጠቅም ነገር ላምጣ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2003 በከባድ መኪና አደጋዎች ላይ ሰፊ ጥናት ተደርጎ ነበር። 963 አደጋዎች አንድ በአንድ ተመርምረዋል። ውጤቱ ሲጠቀስ ሁሌ የሚነሳው አንድ ቁጥር ነው፦ ጥፋቱ ለከባዱ መኪና ከተሰጠባቸው አደጋዎች ውስጥ 87 በመቶው የሹፌሩ ነው ተባለ። ለማርሽ ቀያሪ ደስ የሚል ቁጥር ነው።

ግን ምን ብለው እንደጠየቁ እንይ። የፈለጉት «ወሳኝ ምክንያት» የሚሉትን ነው። ይህ ማለት ግጭቱን አይቀሬ ካደረገው ክስተት በፊት የመጣው የመጨረሻ ስህተት ነው። መጨረሻ ላይ መሪው ላይ ያለው ሁልጊዜ ሹፌሩ ነው። እንደዚያ ከጠየቅክ ሌላ መልስ ከየት ይመጣል?

በዚያው ጥናት ላይ አብረው የተገኙ ሁኔታዎችም ተመዝግበዋል። የፍሬን ችግር 29 በመቶው ከባድ መኪና ላይ ነበር። መንገዱን አለመልመድ 22 በመቶ። ለሁኔታው የማይመጥን ፍጥነት 23 በመቶ። ድካም 13 በመቶ። በሐኪም የታዘዘ መድኃኒት የወሰዱ ሹፌሮች ደግሞ 26 በመቶ፤ መድኃኒቱ አደጋውን አመጣው ማለት አይደለም፣ አብሮ ተገኘ ማለት ነው። ደህንነት ክፍል፣ ያንተ ጠባብ ሳጥን የምትጠይቀው የመጀመሪያውን ዓይነት ጥያቄ ብቻ ነው። የሚያስፈልግህ ሁለተኛው ነው።

ሌላ ሳልጠቅሰው የማላልፈው፦ እዚያው ጥናት ላይ ወሳኙ ምክንያት ለከባዱ መኪና የተሰጠው በ55 በመቶው ነው። የቀረው በአብዛኛው የሌላው ተሽከርካሪ ነው። ትንሽ መኪና የምትነዱም ይሄን አንብቡ።

---

ማርሽ ቀያሪ

እሺ 55ቱን ወድጄዋለሁ። ድካሙ 13 በመቶ ብቻ መሆኑን ግን ራስህ ተናገርክ።

---

ቁጥር ወዳዱ

ድካም በደም ምርመራ አይወጣም። አልኮል ይወጣል። ሹፌሩ ካልተናገረ ወይም ከሞተ መርማሪው የሚገምተው ከሰዓቱና ከጎማው ዱካ ነው። እንደ እኔ ቁጥሩ ከእውነቱ ያነሰ ነው። የሌሊት ሰዓቱን ብቻ እንኳ እይ። አውስትራሊያ ውስጥ አደጋ የደረሰባቸውን የረጅም ርቀት ሹፌሮች አደጋ ካልደረሰባቸው ጋር ያወዳደረ ጥናት ነበር። ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት መንዳት የአደጋውን ዕድል ከሦስት እጥፍ በላይ ከፍ ያደርገዋል አለ። በዚያ ሰዓት መንገዱ ባዶ ነው፣ ማንም አይጋፋህም። ታዲያ ምን ጨመረው?

---

ሲስተር

በጤና ሥራ ላይ ነኝ፣ ሹፌሮችም ይመጡልኛል። የሌሊት ነጂን ሐሳብ ከሕክምናው በኩል ላጠናክር።

ሰውነታችን የራሱ ሰዓት አለው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ ንጋት 12 ድረስ ንቃታችን ወደ ታች ይወርዳል። ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት ድረስም ትንሽ ይወርዳል። ቀን የተኛ ሰው እንኳ ይሄ አይቀርለትም። በዚያ ላይ ስንት ሰዓት እንደነቃን ይደመራል። ለ17 ሰዓት ያልተኛ ሰው ምላሹ የሚዘገየው ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለው ሰው ነው። ብዙ አገሮች መንዳት የሚከለክሉት እዚህ መጠን ላይ ነው። 24 ሰዓት ሲሞላ ወደ 0.10 ይጠጋል። ጠጥቶ የነዳን ሹፌር ሁላችንም እናወግዛለን። ሳይተኛ አድሮ ጭነት በሰዓቱ ያደረሰውን ግን ጎበዝ እንለዋለን።

ከዚህ የባሰው የተጠራቀመው ነው። በአንድ የታወቀ ሙከራ ሰዎች ለሁለት ሳምንት በየሌሊቱ ስድስት ሰዓት ብቻ እንዲተኙ ተደረገ። መጨረሻ ላይ የነበራቸው ንቃት አንድ ሁለት ሌሊት ጭራሽ ካልተኛ ሰው ጋር እኩል ሆነ። እነሱ ግን ሲጠየቁ ትንሽ ነው የደከመን አሉ። ሌሊት ነጂ «አልደከመኝም ብዬ አስቤ ሊሆን ይችላል» ያለው ይሄንን ነው።

እባክህ ስለ ማንኮራፋትም ጠይቅ። እየሳቅኩ አይደለም። በእንቅልፍ መካከል ትንፋሽ የሚቆራረጥባቸው ሰዎች አሉ። ወፈር ያለ ሰው፣ አንገቱ የደነደነ፣ በጣም የሚያንኮራፋ፣ ስምንት ሰዓት ተኝቶ ደክሞት የሚነሳ። ብዙ ሰዓት ተቀምጦ መሥራት ክብደት ስለሚጨምር ችግሩ ሹፌሮች ላይ በብዛት ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ የአሜሪካ ጥናት፣ ችግሩ ተገኝቶባቸው ሕክምናውን ጭራሽ ያልተጠቀሙ የከባድ መኪና ሹፌሮች፣ ሊወገድ ይችል የነበረ ከባድ አደጋ የማድረስ መጠናቸው አምስት እጥፍ መሆኑን አሳይቷል። ሕክምናውን በሥርዓት የተከታተሉት ግን ከሌላው ሹፌር አልተለዩም። የሚታከም ነገር ነው። ሹፌሩ የሚደብቀው መንጃ ፈቃዴን እቀማለሁ ብሎ ስለሚፈራ ነው።

መድኃኒትም አለ። ለጉንፋንና ለአለርጂ የሚወሰዱ አንዳንድ እንክብሎች በጣም ያስተኛሉ። ሹፌሩ «ጉንፋን ነበረብኝ» ብሎ ያልፈዋል፣ መርማሪውም አይጽፈውም።

---

የቀድሞ ረዳት

ሲስተር አመሰግናለሁ። ቡናውስ? እኛ እኮ ረጅም መንገድ በቡና ነው የኖርነው። አንዳንዱ ከቡናም ያለፈ ነገር ይወስዳል።

---

ሲስተር

ቡና ይሠራል፣ አልዋሽህም። በአውስትራሊያ ሹፌሮች ላይ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት፣ ለመንቃት ብለው ካፌይን የወሰዱት የአደጋ ዕድላቸው በ63 በመቶ ያነሰ ነበር ብሏል። ግን እስኪሠራ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ስለዚህ ጠጥተህ ወዲያው ከመንዳት፣ መኪናውን አቁመህ ጠጥተህ ሃያ ደቂቃ ሸለብ ማድረግ ይሻላል። ስትነቃ ቡናው ሥራ ጀምሯል። ከነቃህ በኋላም አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ሳትነዳ ቆይ፣ ከእንቅልፍ እንደተነሱ ወዲያው መንዳት ራሱ አደገኛ ነው። ደግሞ ማታ የጠጣኸው ቡና ከአምስት ሰዓት በኋላም ግማሹ ደምህ ውስጥ ስላለ፣ ልትተኛ ስትል እንቅልፍህን ይበላዋል።

ከቡና ያለፈው ሌላ ጉዳይ ነው። አነቃቂው ንቃት አይሰጥህም፣ ያበድርሃል። ሲያልቅ ድካሙ አንድ ላይ ነው የሚመጣው፣ ያኔም መሪ ላይ ነህ። በዚያ ላይ እየነቃህ ሳለ ድፍረትም ይጨምራል።

መስኮት መክፈት፣ ሙዚቃ መጮህ፣ ፊት መታጠብ ለደቂቃዎች እንጂ አይረዳም። እንቅልፍን የሚያሸንፈው እንቅልፍ ብቻ ነው።

---

ግራሶ

እኔ ጋራዥ ነኝ፣ ስለ ሰው አላውቅም። ስለ ፍሬን ልናገር።

«ፍሬን እምቢ አለ» የሚባለውን ሁሉ ሰምቻለሁ። ብዙ ጊዜ ፍሬኑ ቁልቁለቱ ላይ አይደለም እምቢ ያለው፣ ከግቢ ሲወጣ ነው። በአየር የሚሠራ ፍሬን ላይ የፍሬን ሸራው ከታምቡሩ፣ ማለትም ከጎማው ጋር ከሚዞረው ብረት ጋር ያለው ርቀት መስተካከል አለበት። ርቀቱ ከሰፋ በቀዝቃዛው፣ ግቢ ውስጥ ስትሞክረው ይይዛል። ደህና ነው ትላለህ። ረጅም ቁልቁለት ላይ ደጋግመህ ስትረግጠው ታምቡሩ ይግላል። ብረት ሲግል ይሰፋል፣ ከሸራውም ይርቃል። ሸራውን የሚገፋው ዘንግ መድረስ የሚችለው እስከ ልኩ ብቻ ነው። ከዚያ ብትረግጥም የሚነካው ነገር የለም። ሸራው ራሱ ደግሞ ሲግል የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል። ሹፌሩ ረግጦ ረግጦ ያጣዋል፣ አንተ ቅጹ ላይ «ፍጥነት» ብለህ ትጽፋለህ።

ማርሽ ነፃ አድርጎ መውረድ እብደት ነው፣ እዚህ ላይ ከማርሽ ቀያሪ ጋር ነኝ። ቁልቁለቱ ሳይጀምር ከባድ ማርሽ አስገብቶ በሞተር ፍሬን መያዝ ነው። መሃል ላይ ልቀንስ ካልክ ላይገባልህ ይችላል፣ ያኔ ነፃ ላይ ቀረህ። ግን ሰዎች ለምን ነፃ እንደሚያደርጉ ጠይቁ። ነዳጅ ለመቆጠብ ነው። የተረፈው ነዳጅ የማን ነው? የነዳጅ ልኩን ማን አወጣው? ይሄንን ቅጹ ላይ ጨምር።

ሌላ፣ የመጨረሻው የፍሬን ማስተካከያ መቼ እንደተሠራና ሹፌሩ ችግር አለ ብሎ ጽፎ እንደነበር ይጠየቅ። ጽፎ ከነበረና «ይሄን ምልልስ ጨርስና ይታያል» ከተባለ፣ የማን ጥንቃቄ ነው የጎደለው?

---

የቀድሞ ረዳት

ከላይ ቁጥር ወዳዱ በጠቀሰው የአውስትራሊያ ጥናት ላይ ባዶ መኪናም አደገኛ ነው የሚል አንብቤ ነበር። እውነት ነው? ተሳቢው ባዶ ሲሆን ይቀላል፣ ቶሎ ይቆማል መስሎኝ።

---

ቁጥር ወዳዱ

እውነት ነው። ጭነት የሌለው መኪና ከጫነው ይልቅ የአደጋ ዕድሉ ከእጥፍ በላይ ሆኖ ነው የተገኘው።

---

ግራሶ

ፍሬኑ የተሠራው ለሙሉ ጭነት ነው። ባዶ ተሳቢ ላይ ጎማው መንገዱን የሚጫነው ክብደት ትንሽ ስለሆነ ስትረግጥ ቶሎ ይቆለፋል። የተቆለፈ ጎማ ይንሸራተታል እንጂ አይዝም። መንገዱ ርጥብ ከሆነ ደግሞ ተሳቢው ወደ ጎን እየወጣ ጎታቹን ይታጠፍበታል። ጎማው እንዳይቆለፍ የሚቆጣጠረው ሲስተም የሚሠራ ከሆነ ይረዳል። የማስጠንቀቂያ መብራቱ ስለበራ ብቻ ገመዱን የነቀሉትን ግን አይቻለሁ።

---

ሌሊት ነጂ

የብረቱ ነገር እንዳለ ሆኖ፣ ባዶ መመለስ ማለት ብዙ ጊዜ የሥራው መጨረሻ ማለት ነው። ጭነቱን አራግፈሃል፣ ሐሳብህ ቀለል ብሏል፣ ወደ ቤት ነው። ድካሙ ግን አብሮህ ነው። ባዶ መኪና ደግሞ ይፈተለካል።

---

ባለ ተሳቢው

ሁለት መኪና አለኝ፣ ራሴም እነዳለሁ። ማንም ያልነካውን ልንካ፦ ክፍያውን።

ሹፌር በምልልስ ወይም በኪሎ ሜትር ሲከፈለው፣ መኪናው ሲቆም ገንዘቡም ይቆማል። መጋዘን በር ላይ ወረፋ ጠብቆ ግማሽ ቀን የጠፋበት ሹፌር ያንን ሰዓት ማንም አይከፍለውም። እና ምን ያደርጋል? መንገድ ላይ ይመልሰዋል። ከእንቅልፉ ይቀንሳል ወይም ከፍጥነት ይጨምራል፣ ሦስተኛ ምርጫ የለውም። ወረፋው ላይ ያለውም ሰዓት ዕረፍት አይደለም። ተራህ መቼ እንደሚደርስ ስለማታውቅ አትተኛም።

ይሄ ስሜት ብቻ አይደለም። የአሜሪካ ትራንስፖርት ሚኒስቴር ተቆጣጣሪ ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት፣ መጫኛና ማራገፊያ ላይ የሚጠፋው አማካይ ጊዜ በ15 ደቂቃ ሲጨምር የሚጠበቀው የአደጋ መጠን በ6.2 በመቶ ከፍ ይላል ብሎ ገምቷል። አሥራ አምስት ደቂቃ! እኛ ስንት ሰዓት ነው የምንቆመው?

የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ይሄንን አይቶታል። የመንዳት ሰዓትን በሚወስነው ሕግ ላይ፣ የመንገድ ደህንነትን አደጋ ላይ የሚጥል ከሆነ ሹፌርን በርቀት ወይም በማድረሻ ፍጥነት ወይም በጭነት መጠን መክፈል ክልክል ነው የሚል አንቀጽ አለው። አራት ሰዓት ተኩል ከነዳ 45 ደቂቃ ያርፋል፣ በቀን ዘጠኝ ሰዓት፣ በሳምንት ሁለቴ ብቻ አሥር። ይሄኛውን ሁሉም ያውቀዋል። የክፍያውን አንቀጽ ግን ማንም ሲያነሳው አልሰማም።

---

ማርሽ ቀያሪ

ባለ ተሳቢው፣ አሁን ነገር አመጣህ። ግን አንተስ ሹፌርህን በምን ትከፍላለህ?

---

ባለ ተሳቢው

አንዱን በወር ደመወዝ፣ ሌላው ራሱ በምልልስ ይሻለኛል አለ። በወር የሚከፈለው ቀስ ይላል፣ አንዳንዴ ያናድደኛል። ጎማና ፍሬን ሸራ ላይ ግን ልዩነቱን አየዋለሁ።

---

ዲጂታል

ይሄ ሁሉ ክርክር ለምን አስፈለገ? መንዳት የጀመረበትን ያቆመበትን የሚመዘግብ መሣሪያ ግጠሙ። ሰዓቱ ሲያልቅ ይታያል፣ ማንም አይዋሽም። ከፊት ያለው መኪና ሲቀርብ በራሱ ፍሬን የሚይዝም አለ። የአሜሪካ የአውራ ጎዳና ደህንነት ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ጥናት፣ ይሄ ሲስተም ያላቸው ከባድ መኪኖች ከኋላ ሄደው የሚገጩት በ41 በመቶ ያነሰ ነው። አበቃ።

---

ቁጥር ወዳዱ

ፍሬኑን እቀበላለሁ፣ እሱ ሹፌሩን አይጫነውም። የሰዓት መቅጃው ግን አላበቃም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2017 ለአብዛኛው የረጅም ርቀት ከባድ መኪና በግዴታ አደረገችው። ተመራማሪዎች በኋላ ሲያዩት የሰዓት ጥሰቱ በደንብ ቀንሷል። አደጋው ግን አልቀነሰም። በትናንሽ ድርጅቶች ዘንድ እንዲያውም ፍጥነትና መሰል ጥፋት ጨመረ። ለምን? ሰዓቱ ተቆጠረ፣ የጭነቱ ቀጠሮ ግን አልተነሳም። የቀረው ማምለጫ ነዳጅ መርገጥ ነው። ባለ ተሳቢው ያለው ነው።

በዚያ ላይ መሣሪያው የሚቆጥረው የሥራ ሰዓትን እንጂ የነቃህበትን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 አሜሪካ፣ ኒው ጀርሲ ግዛት ውስጥ የደረሰውን አደጋ ታስታውሱታላችሁ። ከባድ መኪናው በመንገድ ጥገና ሥራ ምክንያት ፍጥነት በተቀነሰበት መንገድ ላይ ቀስ ብለው የሚሄዱ መኪኖችን ከኋላ ገጨ። መርማሪዎቹ ሲያዩት ሹፌሩ የሥራ ሰዓት ገደቡን ገና አላለፈም። ግን ለ28 ሰዓት አልተኛም ነበር። ከቤቱ ጆርጂያ እስከ መነሻው ደላዌር ድረስ ሌሊቱን በራሱ መኪና ነድቶ መጥቶ ነው ሥራ የጀመረው። መቅጃው ላይ ንጹሕ ነው። ይሄ የተገኘው መርማሪዎቹ ከአደጋው በፊት ያሉትን ቀናት እንቅልፍና እንቅስቃሴ ስለመረመሩ ነው። ደህንነት ክፍል፣ ቅጽህ ላይ ቢያንስ ያለፈው 72 ሰዓት ይኑር።

---

የቀድሞ ረዳት

ስልኩን እኮ ረሳችሁት። ማርሽ ቀያሪ መጀመሪያ ያነሳው ነው።

---

ቁጥር ወዳዱ

አልረሳሁትም። ቨርጂኒያ ቴክ በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ፣ መኪና ውስጥ ካሜራ ተገጥሞ የተሠራ ጥናት አለ፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ። ከባድ መኪና እየነዳ መልእክት የሚጽፍ ሹፌር ወደ አደጋ የመግባት ዕድሉ 23 እጥፍ ነው። ከስድስት ሰከንድ ውስጥ 4.6ቱን ዓይኑ መንገድ ላይ አይደለም። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ይሄ ከመቶ ሜትር በላይ ነው። ቁጥር መደወል ወደ ስድስት እጥፍ ነው። አነጋጋሪው ነገር፣ ያለ እጅ ማውራት በዚያ ጥናት አደጋውን አልጨመረም። ትልቁ ጠላት ዓይንን ማንሳት ነው።

---

ደህንነት ክፍል

ከጠበቅኩት በላይ ነው ያገኘሁት። ምክንያት የምትለዋን ሳጥን አንስቻታለሁ። በቦታዋ ያለፉት ሦስት ቀናት ይገባሉ፦ መቼ ተኛ፣ መቼ ነቃ፣ የት፤ ምን ያህል ሰዓት ቆሞ ጠበቀ፣ የጠበቀበት ተከፈለው ወይ። የቀጠሮው ሰዓት ስንት ነበር፣ ማን ነው የያዘው፣ ርቀቱን በተፈቀደው ፍጥነትና ከነዕረፍቱ ስናሰላው ይደርሳል ወይ። ይሄኛውን የሚሞላው ሹፌሩ ሳይሆን ስምሪት ነው። ፍሬን መቼ ተስተካከለ፣ ሹፌሩ የጻፈው ብልሽት አለ ወይ። ጭነት ነበር ወይስ ባዶ። መንገዱን ከዚህ በፊት ያውቀዋል ወይ። መድኃኒት፤ የሚወሰድ ካለ የመድኃኒቱ ስም ብቻ።

ያልፈታሁት አንድ ነገር አለ። ሹፌሩ በሐቅ እንዲናገር ይህ ወረቀት ለቅጣት መዋል የለበትም። አለቆቼ ግን አንድ ፋይል ብቻ ነው የሚፈልጉት።

---

ሌሊት ነጂ

ሁለት ፋይል ካልሆነ አይሆንም። በአቪዬሽን ምርመራው ጥፋተኛ ለመለየት አይደለም የሚደረገው፣ ቅጣት ካለ ሌላ መንገድ አለው። ደግሞ አደጋ እስኪደርስ አትጠብቅ። «ለጥቂት ተረፍኩ» የሚለውንም የሚጽፍበት ስም የሌለበት ወረቀት አስቀምጥ። ከመስመር ወጥቶ የተመለሰ ሹፌር ስንት አለ መሰለህ። በሕይወት ስላለ መጠየቅ ይቻላል።

---

ሲስተር

የማንኮራፋቱን ጥያቄ ከአደጋ ቅጹ አውጥተህ ዓመታዊ ምርመራው ላይ አድርገው። ከአደጋ በኋላ ማንም አያምንልህም። ሕክምናውን ድርጅቱ ይክፈል፣ እየታከመ ያለ ሰው ደግሞ ሥራውን እንደማያጣ በጽሑፍ ይሰጠው።

---

ማርሽ ቀያሪ

እኔ አሁንም ሹፌር ጥፋቱን ይውሰድ ባይ ነኝ። ግን የስልኩ ጥያቄ ላይ አንድ ነገር ጨምር። «እያወራ ነበር ወይ» ብቻ አትበል፣ ደዋዩ ማን እንደሆነም ይጻፍ። «የት ደረስክ» እያለ በየሰዓቱ የሚደውለው ስምሪት ከሆነ፣ የሱም ስም እዚያው ይግባ።